አዲስ ስታዲየም ወይስ ውድ ተጫዋች? የቤዝቦል ቡድን ገንዘቡን የት ቢያውለው ይሻለዋል

ዋሽንግተን፣ አትላንታ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትል፣ የዳላስ አካባቢ፣ ላስ ቬጋስ። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ሁሉም ደግሞ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ወይ አዲስ የቤዝቦል ስታዲየም ሠርተዋል፣ ወይ አሁን እየሠሩ ነው። ስለዚህ ጨዋታውን ባንከታተልም ሂሳቡ እኛ ጋም ይደርሳል። አንዳንዴ በሽያጭ ታክስ፣ አንዳንዴ በሆቴል ታክስ፣ አንዳንዴ በንግድ ቤት የመብራት ሂሳብ በኩል ይመጣል።

ክርክሩ ሲነሳ ብዙ ሰው ስለ ሕንፃው ብቻ ያወራል። ስንት ይፈጃል? ጣራው ይከፈታል ወይ? መኪና የት ይቆማል? እኔ ግን ከሕንፃው ጋር አብሮ የሚመጣውን የተጫዋቾች ደመወዝ ሳላይ አስተያየት መስጠት አልችልም። አዲስ ስታዲየም ለቡድኑ የሚሰጠው ጥቂት የደስታ ዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት የገባው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ የሚለው ነው የቀጣዩን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሚወስነው። አማራጮቹን አንድ በአንድ እናያቸዋለን፤ የትኛው ለየትኛው ቡድን እንደሚሻልም የማስበውን እናገራለሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ

አንድ የሜጀር ሊግ ቡድን በየዓመቱ 81 ጨዋታ በሜዳው ያደርጋል። ገቢው በሦስት በር ይገባል። አንደኛው ከሊጉ የሚመጣው ነው፤ በመላው አሜሪካ የሚተላለፉ ጨዋታዎች የቴሌቪዥን ገንዘብ ለ30ዎቹ ቡድኖች እኩል ይከፋፈላል። ሁለተኛው የአካባቢው የቴሌቪዥን ውል ነው። ሦስተኛው ስታዲየሙ ራሱ ነው፤ ትኬት፣ ልዩ ሳሎኖች፣ ቢራና ምግብ፣ ፓርኪንግ፣ በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የድርጅት ስም።

አዲስ ስታዲየም በቀጥታ የሚነካው ሦስተኛውን በር ብቻ ነው። ይህን መርሳት አይገባም። የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ከ2014 ጀምሮ ለ25 ዓመት የሚቆይ የ8.35 ቢሊዮን ዶላር የአካባቢ ቴሌቪዥን ውል አለው። ያን ያህል ገንዘብ የሚያስገባ አዲስ ሕንፃ የለም። በተቃራኒው የብዙ ቡድኖችን ጨዋታ ያስተላልፍ የነበረው ዳይመንድ ስፖርትስ መጋቢት 2023 ኪሳራ አወጀ። ሳንዲዬጎ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የቴሌቪዥን ገንዘቡ ተቋረጠበት። በዓመቱ መጨረሻም ኮከቡን ኋን ሶቶን ለኒውዮርክ ያንኪስ አሳልፎ ሰጠ፤ የደመወዝ ወጪውንም በብዙ አሥር ሚሊዮኖች ቀነሰ። የቴሌቪዥኑ በር ሲጠብ የስታዲየሙ በር ክብደቱ ይጨምራል።

ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ ቡድን ከአካባቢው ከሚያገኘው ገቢ፣ የስታዲየም ወጪው ከተቀነሰ በኋላ፣ 48 ከመቶውን ወደ ጋራ ቋት ያስገባል። ቋቱ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። ስለዚህ አዲሱ ስታዲየም ካመጣው አንድ ተጨማሪ ዶላር በቡድኑ እጅ የሚቀረው 53 ወይም 54 ሳንቲም ነው። ትንሽ የሚያገኘው ቡድን ደግሞ ካስገባው በላይ ከቋቱ ይወስዳል። ለአንዳንድ ባለቤቶች ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ደካማ ቡድን ይዞ፣ ደመወዝ ቀንሶ፣ ከቋቱ እየወሰዱ መኖር ይቻላል።

በደመወዝ በኩል ቤዝቦል እንደ አሜሪካ ፉትቦል ቁርጥ ያለ ጣሪያ የለውም። ያለው የቅንጦት ታክስ የሚባለው ነው። በ2025 መነሻው 241 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ያወጣ ቡድን ከመነሻው ባለፈው ገንዘብ ላይ በመጀመሪያው ዓመት 20 ከመቶ ይከፍላል፤ በሁለተኛው ተከታታይ ዓመት 30፣ በሦስተኛው 50። እጅግ የበዛ ሲሆን ተጨማሪ ቅጣትም አለ። ተጫዋቹ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ስድስት የሜጀር ሊግ ዓመታት ያሳደገውን ቡድን ጥሎ መሄድ አይችልም። በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ ጎበዝ ወጣት ማለት እጅግ ርካሽ ጉልበት ነው፤ ስድስት ዓመቱን ሲጨርስ ግን በገበያ ዋጋ ይሸጣል።

ክሊቭላንድ ወይስ ማያሚ

ስታዲየም ከመከፈቱ በፊት ቡድኑ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የራሱን ወጣቶች ቀድሞ በረጅም ውል ማሰር ነው። ሁለተኛው በመክፈቻው ዋዜማ ስመ ጥር ተጫዋቾችን ከገበያ መግዛት ነው። ለዚህ ከክሊቭላንድና ከማያሚ የተሻለ ማወዳደሪያ አላውቅም።

ክሊቭላንድ ለአሥርት ዓመታት የተረሳ ቡድን ነበር። በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለው አሮጌ ስታዲየም ከ70 ሺህ በላይ ወንበር ነበረው፤ አብዛኛው ጦሙን ያድራል። በ1991 ቡድኑ 105 ጨዋታ ተሸነፈ። ያኔ ግን አዲሱ ስታዲየም ተወስኖ ነበር። የካውንቲው ሕዝብ በ1990 በመጠጥና በሲጋራ ላይ ታክስ እንዲጣል ድምፅ ሰጥቶ ነበርና። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ጆን ሃርት ስታዲየሙ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ከ1992 ጀምሮ እንደ ሳንዲ አሎማር፣ ካርሎስ ባዬርጋና ቻርልስ ናጊ ያሉ ወጣቶችን ገና ዋጋቸው ሳይወደድ የብዙ ዓመት ውል አስፈረማቸው። በኋላ ኬኒ ሎፍተንና ጂም ቶሚም በዚሁ መንገድ መጡ። ተጫዋቹ ቢጎዳም የማይቋረጥ ገንዘብ አገኘ። ቡድኑ ደግሞ የነገን ደመወዝ ዛሬ አወቀ።

አዲሱ ስታዲየም ጄኮብስ ፊልድ በ1994 ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ 100 አሸንፎ 44 ተሸነፈና የዋንጫው ፍጻሜ የሆነው ወርልድ ሲሪስ ገባ። በ1997ም ደገመው። ከሰኔ 1995 እስከ ሚያዝያ 2001 ድረስ 455 ተከታታይ ጨዋታዎች ትኬት አለቀባቸው። ቡድኑ 455 ቁጥርን ለተመልካቹ ክብር ሲል እንደ ተጫዋች ማሊያ ከአገልግሎት አወጣው። ባለቤቱ ሪቻርድ ጄኮብስ በ2000 ቡድኑን በ323 ሚሊዮን ዶላር ለላሪ ዶላን ሸጡት፤ በወቅቱ አፍ የሚያስከፍት ዋጋ ነበር።

እዚህ ላይ ሚዛኑን ለመጠበቅ አንድ ነገር ልጨምር። የከተማዋ የፉትቦል ቡድን ብራውንስ ከ1995 ውድድር በኋላ ለቆ ሄዶ እስከ 1999 አልተመለሰም። የከተማው የስፖርት ገንዘብ በእነዚያ ዓመታት ወደ ቤዝቦል ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። ጊዜውም ሳያልቅ አልቀረም፤ ማኒ ራሚሬዝ ከ2000 በኋላ ወደ ቦስተን፣ ቶሚ ከ2002 በኋላ ወደ ፊላደልፊያ ሄዱ። ስታዲየሙም ባዶ ወንበር ማሳየት ጀመረ። ያም ሆኖ ሰባት ወርቃማ ዓመታት ቀላል አይደሉም።

አሁን ማያሚን እንይ። ስታዲየሙ በ2012 ተከፈተ። ፓርኪንጉን ጨምሮ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ፤ ሦስት አራተኛ የሚሆነው የሕዝብ ገንዘብ ነው። የቦንዱ ወለድ ሲደመር ሕዝቡ እስከ 2040ዎቹ መጨረሻ የሚከፍለው ወደ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ ተሰልቷል። የማያሚ ዴድ ካውንቲ ከንቲባ ካርሎስ አልቫሬዝ ከዚህ ስምምነትና ከንብረት ታክስ ጭማሪ በተነሳ ቁጣ መጋቢት 2011 በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን ተነሱ። ስታዲየሙ ገና አልተከፈተም ነበር።

ባለቤቱ ጄፍሪ ሎሪያ ለመክፈቻው ሆሴ ሬየስን በ106 ሚሊዮን፣ ማርክ ቡርሊን በ58 ሚሊዮን፣ ሂት ቤልን በ27 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ። የደመወዝ ወጪው ከ100 ሚሊዮን አለፈ። በሬየስ ውል ውስጥ ያለውን አከፋፈል ግን ልብ ብላችሁ እዩት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በዓመት 10 ሚሊዮን ብቻ ነው። በሦስተኛው 16፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 22፣ 22፣ 22 ሚሊዮን። የቡርሊም እንዲሁ ከ6 ሚሊዮን ተነስቶ 19 ይደርሳል። ቡድኑ ደግሞ ‘ያለፈቃድህ አናዛውርህም’ የሚል አንቀጽ ለማንም አይሰጥም ነበር። ስለዚህ ርካሹን ዓመት ተጠቅሞ ውዱን ለሌላ ማስተላለፍ ይቻል ነበር። የሆነውም ይኸው ነው። ቡድኑ 69 አሸንፎ 93 ተሸነፈ። ቤል ገና በጥቅምት ወደ አሪዞና ተላከ። ኅዳር 2012 ላይ ሬየስ፣ ቡርሊ፣ ጆሽ ጆንሰንና ሌሎችም በአንድ ጊዜ ወደ ቶሮንቶ ተሸኙ። የደመወዝ ወጪው ከግማሽ በታች ወረደ።

የተመልካቹ መልስ በቁጥር ይታያል። በመክፈቻው ዓመት 2.2 ሚሊዮን ሰው ገባ፤ በሁለተኛው ዓመት ከ1.6 ሚሊዮን አነሰ። ለወትሮው አዲስ ስታዲየም ሦስትና አራት ዓመት የሚቆይ የጫጉላ ጊዜ አለው። ማያሚ አንድ ዓመት እንኳ በወጉ አልሞላውም።

ለባለቤቱስ? እዚህ ላይ ነው የእኔ ሐዘን። ሎሪያ ቡድኑን በ2002 በ158 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው በ2017 በ1.2 ቢሊዮን ሸጡት። ከካውንቲው ጋር በገቡት ውል መሠረት ከሽያጩ ትርፍ ለሕዝብ ድርሻ ነበረው። ከሽያጩ በኋላ የቀረበው ስሌት ግን ኪሳራ የሚያሳይ ሆነ። ካውንቲውና ከተማው ክስ መሠረቱ። ውል ውስጥ ‘ትርፍ’ የሚለው ቃል እንዴት እንደሚሰላ በደንብ ካልተጻፈ፣ ድርሻ አለን ማለት ባዶ ተስፋ ነው።

አንድ ኮከብ ይበቃል ወይ

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። የከተማውን ልጅ በትልቅ ገንዘብ ማቆየት።

ሚኒሶታ በ2010 ታርጌት ፊልድን ከፈተ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ሄኔፒን ካውንቲ ከጣለው የ0.15 ከመቶ የሽያጭ ታክስ ነው። 100 ዶላር ታክስ ያለበት ዕቃ ሲገዛ 15 ሳንቲም ማለት ነው። ሕዝቡ ድምፅ አልሰጠበትም፤ የክልሉ ምክር ቤት ድምፅ እንዳያስፈልግ አድርጎ አጸደቀው። ቡድኑ ስታዲየሙ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት የሴንት ፖሉን ልጅ ጆ ማወርን በ8 ዓመት 184 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ማወር የ2009 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ነበር። ልቀቁት ቢባል ሕዝቡ አገር ይቀውጥ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት 3.2 ሚሊዮን ሰው ገባ። በ2011 ማወር እግሩን ታመመ፤ ቡድኑ 99 ተሸነፈ። ከዚያም 96፣ እንደገና 96፣ ከዚያ 92። በ2014 ተመልካቹ ወደ 2.25 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። ማወር በ2013 ጭንቅላቱን ተመትቶ የካቸርነት ሥራውን፣ ማለትም የሚወረወረውን ኳስ ተቀምጦ መያዙን፣ ለመተው ተገደደ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በእሱ ውል ላይ ይጭናል። እኔ አልስማማም። በዓመት 23 ሚሊዮን የሚከፈለው አንድ ሰው ስለታመመ ቡድን ሙሉ አይፈርስም። ኳስ የሚወረውር (ፒቸር) ጎበዝ ወጣት አልነበራቸውም፤ ችግሩ እሱ ነው። ማወር በ2024 የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል።

ፒትስበርግም በ2001 ፒኤንሲ ፓርክን ሲከፍት ከጄሰን ኬንዳል ጋር የ60 ሚሊዮን ውል ተፈራርሞ ነበር። በመክፈቻው ዓመት 100 ጨዋታ ተሸነፈ። ተመልካቹ ከ2.46 ሚሊዮን በአንድ ዓመት ወደ 1.78 ሚሊዮን ወረደ። ከወንዙ ማዶ የከተማው ሕንፃዎች የሚታዩበት፣ ብዙዎች የሊጉ ቆንጆ ስታዲየም የሚሉት ነው። ቁንጅና ብቻውን ወንበር አይሞላም።

ዋሽንግተን ለብዙዎቻችን ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ሲመጣ በአሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም 2.7 ሚሊዮን ሰው ገባለት። አዲሱ ናሽናልስ ፓርክ በ2008 ሲከፈት ግን 2.3 ሚሊዮን ብቻ ገባ፤ በ2009 ወደ 1.8 ሚሊዮን ወረደ። አዲስ ሕንፃ ከአሮጌው ያነሰ ሰው ሳበ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቡድኑ በሁለቱም ዓመት ከ100 በላይ ተሸነፈ።

ከተማው ለዚህ 535 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጦ ነበር። ዕዳው የሚከፈለው ዓመታዊ ገቢያቸው 5 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ በሆነ ድርጅቶች ላይ በተጣለ ክፍያ፣ በስታዲየሙ ውስጥ በሚሰበሰብ የሽያጭ ታክስ፣ እንዲሁም በንግድ ቤቶች የፍጆታ ሂሳብ ላይ በተጨመረ ታክስ ነው። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች በአብዛኛው የመጀመሪያው አይደርስባቸውም። ሦስተኛው ግን ምድጃ የሚያነድ ሁሉ ጋ ይደርሳል።

ያም ሆኖ ዋሽንግተን ከሽንፈቱ ተጠቀመ። ያኔ የመጨረሻ የወጣ ቡድን አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን ቀድሞ ይመርጥ ነበርና በ2009 ስቲቨን ስትራስበርግን፣ በ2010 ብራይስ ሃርፐርን አገኘ። በ2012 ቡድኑ 98 አሸነፈ፤ በ2019 ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ስህተት ግን ውድ ነበር። በዋንጫው ደስታ ስትራስበርግን በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። ከዚያ ወዲህ ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው መወርወር የቻለው። ሶቶ ደግሞ የ440 ሚሊዮን ዶላር ጥያቄ አልቀበልም ሲል በ2022 ለሳንዲዬጎ ተላልፎ ተሰጠ። የፒቸር ክንድ መቼ እንደሚበጠስ ማንም አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ለሞላው ፒቸር የሰባት ዓመት ውል መስጠት እኔ የማልመክረው አማራጭ ነው።

ሕንፃውን ማን ይክፈል

ለግብር ከፋዩ ከሁሉ የሚሻለው የሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የባሕረ ሰላጤው አካባቢ መራጮች ለከተማው ቡድን ለጃይንትስ ስታዲየም በተደጋጋሚ እምቢ አሉ፤ አራት ጊዜ። ቡድኑ ወደ ፍሎሪዳ ሊሄድም ጥቂት ቀርቶት ነበር። በመጨረሻ አዲሶቹ ባለቤቶች በራሳቸው ገንዘብ ሠሩት። 357 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ከዶጀር ስታዲየም ወዲህ በግል ገንዘብ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። 170 ሚሊዮኑን ከባንክ ተበደሩ። ስያሜውን ለስልክ ኩባንያ በ50 ሚሊዮን ሸጡ። የዓመት ትኬት የመግዛት መብትን አስቀድመው ሸጡ። ለዓመታት በየዓመቱ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ዕዳ ከደመወዙ ጎን ለጎን ይከፍሉ ነበር። ያም ሆኖ በ2010፣ በ2012 እና በ2014 ዋንጫ በሉ። ‘የሕዝብ ገንዘብ ከሌለ ጥሩ ቡድን አይኖርም’ ለሚል ባለሀብት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ይህ መንገድ ግን ሀብታም ከተማና በውሃው ዳር ጥሩ ቦታ ይፈልጋል። ሚልዋኪ ላይ ይሠራል ብዬ አልዋሽም።

ለባለቤቱ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው የአትላንታ መንገድ ነው። የከተማው ቡድን ብሬቭስ የ20 ዓመት ዕድሜ ብቻ ያለውን ተርነር ፊልድ ትቶ በ2017 ወደ ኮብ ካውንቲ ሄደ። ካውንቲው 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፈለ። ቡድኑ ከስታዲየሙ አጠገብ ያለውን መሬት ይዞ ‘ዘ ባተሪ’ የሚባል ሰፈር ሠራ፤ ቢሮ፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ መኖሪያ። ቡድኑ አክሲዮኑ በገበያ ስለሚሸጥ ሂሳቡ ለሕዝብ ይወጣል፤ አብዛኞቹ ቡድኖች ሂሳባቸውን አያሳዩም። በ2024 ከጠቅላላው 663 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ 67 ሚሊዮን ያህሉ የመጣው ከዚህ ሰፈር ነው። ኪራይ በጥርም ይከፈላል፤ ቡድኑ ቢሸነፍም ይከፈላል።

አትላንታ በደመወዝም የክሊቭላንድን መንገድ ነው የያዘው። ሮናልድ አኩኛ በ21 ዓመቱ ለ8 ዓመት 100 ሚሊዮን ፈረመ። በ2023 በ17 ሚሊዮን ደመወዝ 41 ጊዜ ኳሱን ከሜዳው ውጭ አውጥቶ (ሆም ራን)፣ 73 ጊዜም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ደርሶ (ቤዝ ሰርቆ) የሊጉ ምርጥ ሆነ። ኦዚ ኦልቢስ፣ ኦስቲን ራይሊ፣ ማይክል ሃሪስም ቀድመው ታሰሩ። በ2021 ዋንጫው መጣ። ይህ ጥምረት፣ መሬት ያለው ስታዲየምና ቀድሞ የታሰሩ ወጣቶች፣ ለእኔ ዛሬ ካሉት ሁሉ የላቀው ነው። የኮብ ካውንቲ ነዋሪ ግን ኪራዩ ወደ ቡድኑ እንጂ ወደ እሱ እንደማይሄድ ማወቅ አለበት። ስለ ስታዲየም ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ለአሥርት ዓመታት ሲሉት የኖሩት ይኸው ነው፤ በስታዲየም ዙሪያ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው በከተማው ሌላ ቦታ ይወጣ የነበረ ገንዘብ ነው።

አሮጌውን ማደስ

ይህን አማራጭ ፖለቲከኞች ቶሎ ይዘሉታል፤ ሪባን የሚቆረጥበት አዲስ ሕንፃ የለውምና። እኔ ግን ቦታው ጥሩ ለሆነ ስታዲየም መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው እላለሁ።

የቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ በ1912 የተሠራ ነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ጥለውት አዲስ ሊሠሩ አቅደው ነበር። በ2002 የገዙት አዳዲሶቹ ለማደስ ወሰኑ። በ2003 ግሪን ሞንስተር በሚባለው፣ ከ11 ሜትር በላይ ቁመት ባለው አረንጓዴ ግድግዳ አናት ላይ ጥቂት ረድፍ ወንበር ተከሉ። ቀድሞ እዚያ ኳስ የሚይዝ መረብ ብቻ ነበር። እነዚያ ጥቂት መቶ ወንበሮች በከተማው እጅግ የሚፈለጉ ትኬቶች ሆኑ። ከግንቦት 2003 እስከ ሚያዝያ 2013 እያንዳንዱ ጨዋታ ትኬቱ አለቀ። በመካከሉ በ2004 እና በ2007 ዋንጫ መጣ። ወንበሩ ከ38 ሺህ በታች መሆኑ ራሱ ዋጋውን ደገፈው።

ሎስ አንጀለስም በ1962 በተከፈተው ስታዲየም ነው የሚጫወተው። 56 ሺህ ሰው ይይዛል። ሾሄይ ኦታኒን በ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞ በየዓመቱ በእጁ የሚሰጠው 2 ሚሊዮን ነው፤ 680 ሚሊዮኑ ከ2034 እስከ 2043 ያለ ወለድ ይከፈላል። ለቅንጦት ታክስ የሚቆጠረው በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2024 እና በ2025 ዋንጫውን ወሰዱ። በ2025 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ገባ፤ ለቅንጦት ታክስም ከ160 ሚሊዮን በላይ ከፈሉ። ትንሽ ከተማ ይህን ልቅዳ ቢል ይሰበራል። ያ የቴሌቪዥን ውልና የጃፓን ስፖንሰሮች ከሌሉ አይሆንም።

ያንኪስ በ2009 ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አደረጉ፤ አዲስ ስታዲየምና ለሦስት ተጫዋቾች ከ420 ሚሊዮን በላይ። በዚያው ዓመት ዋንጫ በሉ። እነሱም ቢሆኑ ከሜዳው አጠገብ ያሉትን የ2,500 ዶላር ወንበሮች መሙላት አቅቷቸው፣ ባዶነቱ በቴሌቪዥን ሲታይ ከወር ባነሰ ጊዜ ዋጋውን በግማሽ ቀነሱ።

እንግዲህ የትኛው ለማን

የቡድኑ ከተማ ትልቅ፣ የቴሌቪዥን ገቢው አስተማማኝ ከሆነ፣ አሮጌውን አድሶ ገንዘቡን ተጫዋች ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ከተማው መካከለኛ ከሆነ ስታዲየም መሥራት ትርጉም የሚኖረው ወጣቶቹ ከመክፈቻው ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድመው ሲታሰሩ ነው። ወጣት ከሌለው ግንባታውን ማዘግየት ይሻላል እላለሁ፤ የጫጉላው ጊዜ በሽንፈት ካለቀ ተመልሶ አይመጣም። በዋዜማው ስመ ጥር መግዛት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ድምፅ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ ስለ ወንበሩ ቀለም አትጠይቁ። ግንባታው ከተገመተው በላይ ቢፈጅ ማን ይከፍላል? የስያሜው ገንዘብ ለማን ነው? በዙሪያው ያለው መሬት በማን ስም ነው? ቡድኑ ስንት ዓመት ላይለቅ ይፈርማል? ቢሸጥ የሕዝቡ ድርሻ ከሽያጩ ዋጋ ነው ወይስ ከ‘ትርፍ’? የመጨረሻውን ጥያቄ ማያሚ በውድ ዋጋ ተምራዋለች።

አሁን በዓይናችን የምናየው ጉዳይ ላስ ቬጋስ ነው። ኤዎቹ የሚባሉት አትሌቲክስ ኦክላንድን ለቀው የወጡት ለዓመታት ደመወዝ ቀንሰው፣ ቡድኑን አዳክመው ነው። በ2023 112 ጨዋታ ተሸነፉ፤ ዓመቱን ሙሉ የገባላቸው 830 ሺህ ሰው ያህል ነበር። ሰኔ 13 ቀን ግን ደጋፊዎቹ ‘ሰው የለም አትበሉን’ ብለው ተጠራርተው 27,759 ሆነው መጡ። ቡድኑ ሄደ። አሁን በዌስት ሳክራሜንቶ ትንሽ ስታዲየም እየተጫወተ በ2028 ይከፈታል የተባለውን ይጠብቃል። ኔቫዳ እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ፈቅዷል። ቦታው የቀድሞው ትሮፒካና ሆቴል የነበረበት ነው፤ ለቡድኑ የተሰጠው 9 ኤከር ብቻ ነው፤ አትላንታ ያደረገውን ለማድረግ ይጠባል።

በደመወዝ በኩል ግን አካሄዳቸው ተቀይሯል። ብሬንት ሩከርን በ60 ሚሊዮን፣ ወጣቱን ሎረንስ በትለርን በ65.5 ሚሊዮን አስረዋል። ይህ የክሊቭላንድ መንገድ ነው። የሊጉና የተጫዋቾቹ የጋራ ስምምነት ታኅሣሥ 1 ቀን 2026 ጊዜው ያበቃል። የገቢ መጋራቱ መጠንና የቅንጦት ታክሱ መነሻ ድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ይመለሳሉ። የደመወዝ ጣሪያ ከመጣ ዛሬ በርካሽ የታሰረ ወጣት ዋጋው በእጥፍ ይጨምራል።